የጉቴው አጋም

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት ተጉዘህ እንደሆነ ጉቴን አልፈሃታል። አልፈሃታል ማለቴ በከንቱ አይደለም፤ ብዙ መንገደኛ ያልፋታል እንጂ አይወርድባትም። ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን ወደ ኋላ ትተህ፣ በጌዶ ብርድ ተንዘፍዝፈህ፣ ወደ ባኮ ሙቀት ወርደህ ካፖርትህን ካወለቅህ በኋላ እንደገና በሲሬ በኩል ዳገቱን ትያያዛለህ። ወደ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ጉቴ ብቅ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ነቀምት ለመግባት የሚቀረው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና ተሳፋሪው ሁሉ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። አንዱ ጫማውን ያስራል፤ ሌላው የተኛ ልጁን ይቀሰቅሳል፤ ጉቴን የሚመለከት አይገኝም።

እኔም ሁለት ጊዜ እንደዚሁ አልፌያታለሁ። በሦስተኛው ጉዞዬ ግን የአውቶቡሳችን ጎማ ጉቴ ላይ ተነፈሰ። ሾፌሩና ረዳቱ ክሪኩን ይዘው ከመኪናው ሥር ሲገቡ፣ ቆሜ ከምጠብቅ እግሬን ላፍታታ ብዬ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚያስገባው የሠፈር መንገድ መራመድ ጀመርሁ። ጥቂት እንደ ሄድሁ ጣፋጭ ሽታ አወደኝ። የጽጌ ረዳ ሽታ አይደለም፤ የሎሚ አበባም አይደለም። ሽታውን ተከትዬ ብሄድ፣ በአንድ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ዙሪያ ደረት የሚደርስ፣ በመቀስ የተስተካከለ፣ ቅጠሉ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያበራ አረንጓዴ አጥር አየሁ። በላዩም ኮከብ የመሰሉ ትንንሽ ነጫጭ አበቦች ተበትነውበታል።

በደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት ቡና ያሰጣሉ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አኮ፤ ይህ አበባ ምን ይባላል? ከውጭ አገር የመጣ ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩኝና ሣቁ። «ኢልማ ኮ፤ አንተ ከየት አገር መጣህ? ይህ እኮ ሐገምሳ ነው። እናንተ አጋም የምትሉት።»

እንግዲህ እፍረቴን ገምተው። እኔ በልጅነቴ ከብት ጥበቃ በወጣሁ ቁጥር ከንፈሬ እስኪጠቁር አጋም የበላሁ ሰው ነኝ። እሾሁ ቁምጣዬን ስንት ጊዜ እንደ ቀደደውና በዚያም ምክንያት ስንት ጊዜ እንደ ተገረፍሁ አልረሳሁትም። ነገር ግን በዱር የማውቀውን ወዳጄን በሰው ግቢ ውስጥ ተከርክሞና ተሰልፎ ባየው ጊዜ የውጭ አገር ሰው መሰለኝ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምጽፍልህ ስለዚህ እፍረት ነው። ለግቢያችን ጌጥ ስንፈልግ ዐይናችን ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ጌጡም፣ አጥሩም፣ ፍሬውም በአንድነት የሚገኝበት ቊጥቋጦ ግን ከኮረብታው ላይ ሆኖ ይጠብቀናል፤ እኛም እሾህ ነው ብለን እንቆርጠዋለን።

አጋም ምን ዓይነት ተክል ነው?

አጋም በበጋም በክረምትም ቅጠሉ የማይረግፍ ቊጥቋጦ ነው። ካልተከረከመ እስከ 5 ሜትር ድረስ ሊያድግ ይችላል። ከባሕር ወለል በላይ ከ600 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ 2,500 ሜትር ድረስ ይበቅላል፤ ስለዚህ ከቆላው ዳር እስከ ደጋው መግቢያ ድረስ የኢትዮጵያ ኮረብታ ሁሉ ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። ነቀምትና ጉቴ ያሉበት 2,000 ሜትር ገደማ የሆነ ወይና ደጋ ለእርሱ የተመቸ ነው። ድርቅን ይችላል፤ ድንጋያማ መሬትን አይንቅም፤ የማይወደው ውሃ የሚተኛበትን ረግረግ ብቻ ነው።

ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ጠንካራና የሚያበራ ነው። በቅጠሎቹ አጠገብ ረዥምና ቀጥ ያለ እሾህ አለው። አበባው አምስት ቅጠል ያለው ሲሆን ከውስጥ ነጭ፣ ከውጭ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነው። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይቀላል፤ ሲበስል ደግሞ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ይሆናል። በውስጡ ከ2 እስከ 4 የሚደርሱ ጠፍጣፋ ፍሬዎች ይገኙበታል። ያልበሰለውን ብትነክስ ነጭ ሙጫው ከንፈርህን ያጣብቀዋል፤ የበሰለው ግን ጣፋጭ ነው።

የሚያሳዝነው አጋም በእኛ ዘንድ ስመ ጥሩ አለመሆኑ ነው። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። የአጋም እሾህ ቁልቋሉን በወጋው ቁጥር ነጭ ደሙ ስለሚፈስ፣ ከክፉ ጎረቤት ጋራ የኖረ ሰው ዕድሉ ለቅሶ ነው ለማለት የተነገረ ነው። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የአጋምን ቅጠል ራሱን ቀንጥሰህ ብታይ እርሱም እንደ ቁልቋሉ ነጭ ያነባል። ማንም ግን ስለ አጋም እንባ ተረት አልተረተም።

የሳይንስ ሰዎችም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አልሰጡትም። የዕፀዋትን ስም በሥርዐት ያስቀመጠው ስዊድናዊው ሊኔዎስ እ.ኤ.አ. በ1771 ዓመተ ምሕረት የዚህን ተክል ዝርያ «ካሪሳ ስፒናሩም» ብሎ ሰየመው፤ ይህም በላቲን ቋንቋ «የእሾሆች ካሪሳ» ማለት ነው። የሊኔዎስ ደቀ መዝሙር የነበረው ፎርስኮል ደግሞ የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ አገር ከላካቸው ሊቃውንት ጋራ የመን ድረስ ሄዶ እዚያው እ.ኤ.አ. በ1763 ሞተ። ከሞተ በኋላ በ1775 በታተመው የዕፀዋት መጽሐፉ ምክንያት ተክሉ «ካሪሳ ኤዱሊስ» ተባለ፤ «የሚበላው» ማለት ነው። አጋም በዚህ ስም ረዥም ዘመን ሲጠራ ቆየ። በኋላ ግን ሁለቱ አንድ ተክል ናቸው ስለ ተባለ፣ የቀደመው ስም ይጸናል በሚለው ደንብ መሠረት እሾሁ ፍሬውን አሸነፈው።

የወለጋ ሰው ግን ስሙን ለቦታ እስከ መስጠት ደርሷል። በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ በአሙሩ ወረዳ አጋምሳ የምትባል ከተማ አለች። ይህን ስም በሰማህ ጊዜ የቊጥቋጦው ስም መሆኑን አስታውስ።

ስለ ምን አጥር ይሆናል?

በወለጋ አጥር ያጠረ ሰው ምስጥን ያውቃል። በተለይ በምዕራቡ በኩል፣ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ ምስጥ የታወቀ የገበሬ ጠላት ነው፤ ሰብሉን ይበላል፤ የግጦሽ ሣሩን ያጠፋል፤ የቤት ምሰሶ ሳይቀር ውስጡን ቦርቡሮ ይጥላል። በምሥራቁም ቢሆን መሬት ውስጥ የተተከለ ደረቅ እንጨት ዕድሜው ረዥም አይደለም። አሮጊቷ ስለዚሁ ሲነግሩኝ፣ «በፊት ሰውዬው አጥሩን በባሕር ዛፍ አጥሮት ነበር፤ ሁለት ክረምት አለፈና ሦስተኛው ሲመጣ ብንገፋው ወደቀ» አሉኝ።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ እንጨት ይገዛል፤ ሚስማር ይገዛል፤ ለሠራተኛ ይከፈላል። በደመወዙ የሚኖር ሰው በአጥር ምክንያት ምስጥን ሲቀልብ ይኖራል ማለት ነው። ሥር ያለው ሕያው ተክል ግን እንደ ደረቅ እንጨት በቀላሉ አይበገርም። ዓመት በተጨመረ ቁጥር ደረቁ አጥር እየደከመ ሲሄድ ሕያው አጥር እየበረታ ይሄዳል።

ደግሞም ሌላ ጥቅም አለው። ፍየል ካልሆነች በስተቀር አጋምን ሰብሮ የሚገባ ከብት የለም። ሌባም ቢሆን በአጋም ላይ ዘሎ ከገባ በኋላ ልብሱን ይዞ ለመውጣት ይቸገራል። አበባው ንቦችን ስለሚስብ ቀፎ ላለው ሰው መልካም ነው። ወፎችም በውስጡ ይሰፍራሉ፤ እሾሁ ከድመት ይጠብቃቸዋልና።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ ባሕር ዛፍ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር እንዳወጣት ሁላችንም ተምረናል። ውለታውን አንክድም። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለጠባብ ግቢ የተፈጠረ አይደለም፤ ሥሩ የጓሮውን አትክልት ውሃ ይሻማል፤ ጥላው የጎረቤትን ፀሐይ ይከለክላል። አጋም ግን ደረትህ ላይ ቁም ብትለው ይቆማል።

መረንዝን ከአጋም ለይ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ፤ ይህን ክፍል ሳታነብ ችግኝ ፍለጋ ወደ ዱር አትውጣ።

አጋም የሚመስል አደገኛ ዘመድ አለው። በአማርኛ መረንዝ፣ በኦሮምኛ ቀራሩ ይባላል። እርሱም ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ጠንካራና የሚያበራ ነው፤ አበባው ነጭ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ሽታውም ያማረ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ነገር ግን በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ከጥንት ጀምሮ የፍላጻቸውን መርዝ የሚቀምሙት ከዚህ ተክል ነው። መርዙ ልብን ይመታል። ሳይንቲስቶች ኡዋባይን ይሉታል፤ በጥንቃቄ በተመጠነ ጊዜ ለልብ ሕመም መድኃኒትነት ያገለገለ፣ መጠኑ ባለፈ ጊዜ ግን ልብን ቀጥ የሚያደርግ ነው።

እንዲያውም በኢትዮጵያና በጎረቤቶቿ አገሮች የሚኖር ጀርባው ጎፈሬ ያለው አንድ ትልቅ አይጥ አለ። ይህ አይጥ የመረንዝን ቅርፊት አኝኮ በጎኑ ጠጉር ላይ ይቀባል፤ ነክሶ ለመብላት የሞከረ ውሻም በመርዙ ይታመማል ወይም ይሞታል። ይህ በኬንያ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ሆኗል። አይጡ እንኳ የሚያውቀውን ተክል እኛ ባናውቅ ነውር ነው።

እንግዲህ መለያው ምንድር ነው? እሾሁ ነው። አጋም እሾህ አለው፤ መረንዝ እሾህ የለውም። የአጋምን ክፋት የሚያወሩለት ያ እሾህ የመታወቂያ ወረቀቱ ነው። አሮጊቷም ይህንኑ ለልጆች እንዴት እንደሚያስተምሩ ነገሩኝ። «ልጆቹን፣ ‘ያልወጋህን አትብላ’ እላቸዋለሁ» አሉኝ። ከዚህ የሚያጥርና ከዚህ የሚሻል ትምህርት አላውቅም።

ይህ ትምህርት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል። ድሮ ልጅ ሁሉ ከብት ጥበቃ ስለሚወጣ ሁለቱን ከታላላቆቹ ተምሮ ይለያል። ዛሬ ግን በከተማ የሚያድገው ልጅ ኮረብታውን የሚያየው በመኪና መስኮት ነው። አንድ ቀን ለሽርሽር ወጥቶ ጥቁር ፍሬ ቢያገኝ ማን ይነግረዋል? በግቢው አጋም ያለው ልጅ ግን እሾሁን፣ ቅጠሉንና ፍሬውን በየቀኑ እያየ ስለሚያድግ ሌላውን አይቶ አይሳሳትም።

አተካከሉ

አጋምን ለመትከል ዘር ከገበያ መግዛት አያስፈልግህም። ፍሬው በሚበስልበት ወቅት ሙሉ በሙሉ የጠቆረውን ብቻ ለቅመህ ሥጋውን ብላ፤ በውስጡ ያሉትን ፍሬዎች በውሃ አጥበህ በጥላ ሥር አድርቃቸው። ከረዥም ጊዜ በኋላ የሚዘራው ዘር ኃይሉ ስለሚደክም ሳይቆይ መዝራት ይሻላል። በነቀምት አቅራቢያ ያለው እንደ ኮምቶ ያለ ደን ውስጥ ብትገባ ግን ችግኝ ነቅለህ አትውጣ፤ ደኑ ያንተ ብቻ አይደለም። የሚያስፈልግህ አንድ እፍኝ ፍሬ ነው፤ እርሱም ከመንገድ ዳር ይገኛል።

አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ሁለት እጅ የዱር አፈር ቀላቅል። ይህን ከሥሩ በተበሳ ጣሳ ወይም በችግኝ ላስቲክ ውስጥ ሙላና በእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፍሬ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቀህ ቅበር። በጥላ ሥር አኑረህ ጠዋት ጠዋት ውሃ አርከፍክፍ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ሁለቱም ከበቀሉ ደካማውን ነቅለህ ብርቱውን ተው። አጋም በመጀመሪያው ጊዜ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ አትቸኩል፤ ከመሬት በላይ ሲዘገይ ከመሬት በታች ሥር እየሰደደ ነው።

ችግኙ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሲሆን ጥላውን እየቀነስህ ፀሐይ አለማምደው። የመትከያው ጊዜ ዝናቡ ከጸና በኋላ ነው። ነቀምትና አካባቢዋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናም የሚያገኙ በመሆናቸው በሰኔ ወር ብትተክል ክረምቱ ራሱ ያሳድግልሃል።

ጕድጓዱ በስፋትም በጥልቀትም 30 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለአጥር ከሆነ ችግኞቹን 50 ወይም 60 ሴንቲ ሜትር እያራራቅህ በሁለት መስመር አሰልፋቸው፤ የኋለኛው መስመር ችግኝ በፊተኛው መስመር ክፍተት አንጻር ይቁም። ለጌጥ ብቻ አንድ እግር የምትተክል ከሆነ በዙሪያው ሁለት ሜትር ቦታ ስጠው። ልጆች ከሚሮጡበት መንገድ ግን ቢያንስ አንድ ሜትር አርቀው፤ እሾህ የልጅን ዐይን አያውቅምና።

በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጠላቶች አሉት። የመጀመሪያው ፍየል ነው፤ እሾሁ እስኪጠነክር ድረስ በደረቅ ጭራሮ ከልለው። ሁለተኛው ምስጥ ነው፤ ምንም እንኳ ያደገውን ባይደፍረው ለጋውን ይሞክረዋልና በዙሪያው ደረቅ እንጨትና ገለባ አታከማች፤ ግንዱንም አዘውትረህ ተመልከት። ሦስተኛው የመጀመሪያው በጋ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃ አጠጣው። ከዚያ በኋላ ራሱን የቻለ ይሆናል።

ጉልበት ሲደርስ ጫፉን ቅጠፈው፤ ያን ጊዜ ወደ ላይ መሮጡን ትቶ ወደ ጎን ይዘረጋል። አጥሩ ከቆመ በኋላ የመከርከሚያው ጊዜ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሊያብብ ሲል ቆርጦት፣ «ይህ ተክል አያፈራም» ይላል። ስትከረክም ወፍራም ጓንት አድርግ፤ የቆረጥኸውንም እዚያው አትጣል፤ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው አለ። ወፎች ዘሩን ይዘው ወደ ጎረቤት ማሳ ሊያደርሱት ስለሚችሉ፣ ያልፈለግኸው ቦታ የበቀለውን ገና ለጋ ሳለ ንቀለው።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ይህ ሁሉ ለአንድ የዱር እሾህ ይገባዋልን? ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። መልሱን ከአጋም ወንድሞች ታሪክ እንፈልገው።

በደቡብ አፍሪካ በናታል ባሕር ዳርቻ ካሪሳ ማክሮካርፓ የሚባል ወንድም አለው። እርሱም እንደ አጋም እሾህ፣ ነጭ አበባና የሚበላ ፍሬ ያለው ሲሆን ፍሬው ቀይና ከአጋም የሚተልቅ ነው። ይህ ተክል እ.ኤ.አ. በ1886 ወደ አሜሪካ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት ከየአገሩ ዕፀዋት የሚያሰባስበው ዴቪድ ፌርቻይልድ ከደርባን የዕፀዋት ቦታ ብዙ ዘር አስመጣ። ዛሬ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ በየግቢው በአጥርነትና በጌጥነት ይተከላል፤ ፍሬውም ማርማላታ ይሆናል። በሕንድ አገር ያለው ካራንዳ የተባለው ሌላው ወንድሙ ደግሞ በጨውና በቅመም ተዘፍዝፎ ከምግብ ጋራ የሚቀርብ የታወቀ ማጣፈጫ ነው።

እንግዲህ ተመልከት፤ ሌላው የአጋምን ወንድም በመርከብ ባሕር አሻግሮ አስመጣው። እኛ ግን የራሳችንን በእግር ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬድ ኮረብታ ለማምጣት አልደፈርንም።

ፍሬውን እንዲሁ መብላት ከሁሉ ይበልጣል። የተረፈህ እንደሆነ ግን በጥቂት ውሃ ቀቅለህ በወንፊት አጥልለው፤ ዘሩና ልጣጩ ይቀራል። ለአንድ ኪሎ ጭማቂ ግማሽ ኪሎ ያህል ስኳር ጨምረህ፣ በእንጨት ማንኪያ እያማሰልህ እስኪወፍር በዝግታ አብስለው። በንጹሕ ጠርሙስ ከድነህ ብታስቀምጠው ለዳቦ መልካም ነው። ሥሩ በባህል መድኃኒትነት እንደሚያገለግል በብዙ አገር ይነገራል፤ መጠኑን ግን ዐዋቂ ካልሆነ አይወስነውምና አንተ ፍሬው ይብቃህ።

«ቤቱ የኪራይ ነው»

አሁን የምትለውን ዐውቃለሁ። ተማሪ ከሆንህ፣ «እኔ በነቀምት የምቆየው ትምህርቴን እስክጨርስ ነው» ትላለህ። አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህ ደግሞ፣ «ቤቱ የኪራይ ነው፤ ዘንድሮ እዚህ ነኝ፤ ለከርሞ ወዴት እንደምዛወር አላውቅም፤ ለሰው ግቢ ስለ ምን እደክማለሁ?» ትላለህ። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ እንደዚሁ እል ነበር። በአራት ከተማ በአምስት ቤት ተከራይቼ ኖሬ በአንዱም ግቢ አንዲት ችግኝ ተክዬ አላውቅም።

በጉቴ ከአሮጊቷ ልሰናበት ስል፣ «አኮ፤ ይህን አጥር የተከለው ማን ነው? ልጅዎ ነውን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይደለም» አሉኝ። «ያቺን ክፍል ተከራይቶ የነበረ ልጅ ነው። ጸሐፊ ነበር። ከቢሮ ሲመለስ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም ነበር። ፍሬውን ከዱር ለቅሞ አመጣ፤ በጣሳ አበቀለ፤ አጥሩ በወደቀበት ክረምት ተከለው። እኔ እሾህ ወደ ግቢዬ አታግባ ብዬ ተቈጥቼው ነበር።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ተዛወረ። ፍሬውን ሳይቀምስ ነው የሄደው። ከሄደ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት አፈራ።» ጥቂት ዝም አሉና በእጃቸው ቡናውን እየዘረጉ፣ «ልጆቹ ሲለቅሙ ስሙን ይጠሩታል። አላዩትም እኮ! እኔ ነግሬያቸው ነው» አሉ።

ያን ጊዜ የአውቶቡሱ ጡሩምባ ተሰማ። አሮጊቷ ተነሥተው ከአጥሩ ውስጥ፣ በአበባው መካከል ጠቁሮ የቀረውን አንድ እፍኝ የማይሞላ ፍሬ ለቅመው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «ብላና ዘሩን አትትፋው» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ የተከራየ ሰው ግድግዳውንና ጣራውን ትቶ ይሄዳል፤ ደመወዙንም ከወር እስከ ወር ይበላዋል። ያ ጸሐፊ ግን ጉቴ ላይ ስም ትቶ ሄደ። ትልቅ ሹመት አልነበረውም፤ ሐውልትም አልቆመለትም፤ ያወጣው ገንዘብ ከጥቂት ጣሳ አይበልጥም። ነገር ግን ያላዩት ልጆች በየዓመቱ ከንፈራቸው እየጠቆረ ስሙን ይጠሩታል። እኛስ ከምንዛወርበት ከተማ ሁሉ ምን ትተን ወጣን?

ወደ ነቀምት የቀረውን 12 ኪሎ ሜትር ፍሬውን እየበላሁ ተጓዝሁ። ዘሩን በመሐረቤ ቋጠርሁት። ዛሬ በተከራየሁት ቤት በረንዳ ላይ ሰባት ጣሳ ተደርድሯል፤ በአምስቱ በቅሏል፤ ሁለቱ ገና ናቸው። የቤቱ ባለቤት ትናንት መጥተው፣ «ይህ ደግሞ ምንድር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አጋም ነው» ስላቸው ፊታቸውን አጨፍግገው፣ «እሾህ ወደ ግቢዬ ልታስገባ ነውን?» አሉኝ።

ሰኔ ሲመጣ እተክለዋለሁ። ፍሬውን እኔ ብበላው መልካም ነው፤ ከዚያ በፊት የተዛወርሁ እንደሆነም ቤቱን ከእኔ በኋላ ለሚከራየው ሰው በደጃፉ ላይ አንዲት ወረቀት እተውለታለሁ፤ እንዲህም የምትል ትሆናለች፤ «ሲጠቁር ብላ፤ ከበላህ በኋላ ከርክም፤ ያልወጋህን አትብላ።»